ሳተላይቱ በጉን ያየዋል ወይ?

እኛ የሳይንስና የቴክኒክ ወሬ ወዳጆች ነን። ይህን ስንል ሊቃውንት ነን ማለታችን ከቶ አይደለም። ሌላው ተማሪ ስለ ኳስ ሲከራከር ስለ ሮኬትና ስለ ባትሪ ስንከራከር የምናመሽ፣ ከመካከላችንም ፈተና የወደቀ የማይታጣ፣ ተራ ሰዎች ነን። ጓደኞቻችን «የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ከደረቀ ሳምንት ሆነው፤ እናንተ ግን ማርስ ላይ ውሃ ትፈልጋላችሁ» እያሉ ያሾፉብናል። እውነት አላቸው፤ ቧንቧው ደርቋል።

ከመካከላችን ጥቂቶቻችን የመንዝ ልጆች ስለሆንን፣ ባለፈው ክረምት መንገዱ ሰላም በሆነበት ሰሞን ወደ ቀየት ወጥተን ነበር። አንድ ማታ ብርዱ በበር ሥር እየገባ፣ እሳት ከበን ስንጫወት፣ ኢትዮጵያ ሳተላይት ማምጠቋን በኩራት አወራን። ዝተታቸውን ተከናንበው ዝም ብለው ያዳምጡ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ጥቂት አሰብ አደረጉና «እንግዲህ ልጆቼ፣ ይህ የምትሉት ነገር በጌን ያየዋል ወይ?» ብለው ጠየቁን። ሳቅን። ከሳቅን በኋላ ግን መልስ ያለው ከመካከላችን አልተገኘም። የዚህ ጽሑፍ ምክንያት ያ ዝምታ ነው።

ወደ ግቢ እንደ ተመለስን ነገሩን አሰላነው። ኢቲአርኤስኤስ 1 የተባለችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም ከቻይና መጠቀች። ክብደቷ 70 ኪሎ ያህል፣ ከፍታዋም ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር፤ ከወጪውም አብዛኛውን የቻለችው ቻይና ናት። በሥዕሏ ላይ ያለች አንዲት ነጥብ በምድር ላይ በየጎኑ 14 ሜትር ገደማ ትሸፍናለች። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ይህችን ነጥብ በመንዝ ምድር ላይ አስቀምጣት፤ የድንጋይ ቤቱ፣ በረቱና የጭድ ክምሩ በአንድነት ይገቡባታል። ከመቶ የሚበልጡ በጎች ተጠጋግተው ሊቆሙባት ይችላሉ። ስለዚህ ለሽማግሌው ልንሰጥ ይገባን የነበረው መልስ «የለም አባባ፣ በጉን አታየውም» የሚል ነበር።

ነገር ግን ሣሩን ታይ ነበር! ሳይንሱ የሚያስደስተን እዚህ ላይ ነው። ለምለም ቅጠል ቀዩን ብርሃን ይውጠዋል፤ ዓይናችን የማያየውን፣ ከቀይ ቀጥሎ ያለውን ብርሃን ግን መልሶ ያንጸባርቀዋል። የደረቀ ቅጠል እንዲህ አያደርግም። የሁለቱን ልዩነት የሚለካ ዓይን ከላይ ካለ፣ ዝናቡ የት እንደ ዘነበ፣ ሣሩ የት እንደ በቀለና ገብሱ የት እንደ መነመነ ከመሬት ሳይወርድ ያውቃል። ለዚህ የግድ የራሳችንን ሳተላይት መጠበቅ እንኳ አያስፈልግም። ሴንቲነል 2 የሚባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች ነጥባቸው 10 ሜትር ነው፤ በየ5 ቀኑ ገደማ ያንኑ ቦታ ይጎበኛሉ፤ ሥዕላቸውም ለማንም ሰው በነጻ ይሰጣል። ጓሳ ዛሬ ምን እንደሚመስል እኛ በመኝታ ቤታችን ተኝተን አይተነዋል።

ጓሳን ካነሣን ዘንድ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ከ3,200 ሜትር በላይ ያለው ይህ ሜዳ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት ብቻ አይደለም። መንዜዎች ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሲጠብቁት የኖሩት የጋራ ርስት ነው። ሣሩ እስኪጠና ድረስ ለዓመታት ይዘጋል፤ ሲከፈት ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ ይታጨዳል፤ የተከለከለውን ጥሶ የገባ ይቀጣል። ዛሬ በትልልቅ ጉባኤዎች «ዘላቂ የተፈጥሮ ሀብት አያያዝ» የሚባለውን ነገር እነዚህ ሰዎች ያለ ኮምፒዩተር ሲያካሂዱት ኖሩ። ቴክኖሎጂ ማለት የግድ ሽቦ ያለው ነገር ነው ብሎ ማን ነገረን?

አሁን ወደ በጉ እንመለስ፤ ጥያቄው የተነሣው ስለ በጉ ነውና።

ከመካከላችን የከተማ ልጅ የሆነው ሁሉ የመንዝ በግ ትንሽ የሆነው ዘሩ ደካማ ስለሆነ ይመስለዋል። መሥሪያ ቤቶችም ለረጅም ጊዜ እንዲሁ አስበው ነበር። ከ1970ዎቹ ጀምሮ አዋሲ የሚባለው የመካከለኛው ምሥራቅ ትልቅ በግ እየመጣ፣ በአመድ ጉያ ማራቢያ ከመንዝ በግ ጋር እየተዳቀለ ለገበሬ ይከፋፈል ነበር። በጉስ ተለቀ፤ ነገር ግን የተለቀ በግ የተለቀ መኖ ይፈልጋል። በውርጭ ምድር፣ በአጭር ሣር፣ በትንሽ ገለባ የሚኖር ሰው ይህን ከየት ያመጣል? የዓመታት ድካሙ በገበሬው ደጅ የታሰበውን ያህል ፍሬ ሳይሰጥ ቀረ።

በ2001 ዓ.ም ገደማ ሌላ አሳብ መጣ። የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ኢካርዳ ከሚባለው ዓለም አቀፍ የምርምር ድርጅት ጋር ሆኖ፣ በመሐል ሜዳና በሞላሌ አካባቢ ገበሬዎቹን ራሳቸውን «በጎ በግ ማለት ለእናንተ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቃቸው። የበሽታው ሥር ያኔ ታየ። ፈጥኖ የሚያድገው ወጠጤ ለፋሲካ ገበያ ቀድሞ ይሸጣል፤ ለዘር የሚቀረው ገዢ ያጣው ነው። እንግዲህ ደኅናውን እያረዱ ደካማውን ማራባት ማለት ነው፤ ይህንንም የሚያደርገው ስንፍና ሳይሆን የገንዘብ ችግር ነው።

መድኃኒቱ የሚያስደንቅ ቀላል ነበር። ግልገሉ እንደ ተወለደ ጆሮው ላይ ቍጥር ይደረግለታል፤ ሲወለድ፣ ጡት ሲተውና 6 ወር ሲሞላው ይመዘናል፤ የእናቱም ታሪክ ይጻፋል። ከመዝገቡ ሒሳቡ ይሠራል። ከዚያ በኋላ ወጠጤዎቹ በአደባባይ ይቀርቡና ገበሬዎቹ የመረጧቸው ዳኞች ቀንዱን፣ ቀለሙን፣ ላቱንና ቁመናውን አይተው ይፈርዳሉ። የተመረጠው በመንደር በመንደር እየተዘዋወረ ያገለግላል፤ ያልተመረጠው ይቀጠቀጣል ወይም ይሸጣል። ሒሳቡ የሊቅ፣ ዳኝነቱ የሽማግሌ ሆነ። እኛ ለዓመታት ካነበብነው የቴክኒክ ወሬ ሁሉ ይህን የመሰለ ብልህ ነገር አላገኘንም። ሆኖም በየትኛው ጋዜጣ ፊት ገጽ ላይ ነው ያነበባችሁት?

ስለ ሰሞኑ ሌላ ወሬም አሳባችንን በአጭሩ እንስጥ። ከጥር 2016 ዓ.ም ወዲህ በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ መከልከሉ የሚደገፍ ነው። ስለ ብርድና ስለ ዳገት ግን ማንም አልነገረንም፤ ሁለቱም የባትሪውን ጕልበት ይበሉታል። በተቃራኒው ከጣርማበር ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ የኤሌክትሪክ መኪና ፍሬኑ ራሱ ባትሪውን እየሞላለት ይወርዳል፤ ከመካከላችን አንዱ ይህን ከሰማ ወዲህ መኪናውን ሳይሆን ቁልቁለቱን ለመግዛት ይመኛል። መናገር ስለሚችለው ማሽን የሆነ እንደሆነ ደግሞ፣ አንዱን «ዝተት ምንድን ነው?» ብለን በአማርኛ ብንጠይቀው የባህል ምግብ ነው ብሎ፣ የአሠራሩን ቅደም ተከተል ጨምሮ ገለጸልን። ያመነ ሰው በብርድ ይሞታል። ጥፋቱ ግን የማሽኑ ብቻ አይደለም፤ ስለ ዝተት ማን ጽፎ አስነበበው?

ከሁሉ የሚያንገበግበን ነገር ሌላ ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻ በአማራ ክልል የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ተቋረጠ። በአንዳንድ ከተሞች የተመለሰው አንድ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በሐምሌ 2016 ነው። በዚያው ዓመት «ዲጂታል ኢትዮጵያ» የሚለው ወሬ በየቀኑ ይነበብ ነበር፤ የቴሌብርም ደንበኞች በአሥር ሚሊዮኖች ይቈጠሩ ነበር። እርግጥ ቴሌብር በኮከብ 127 መሰላል ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል፤ ይህን የሠራው መሐንዲስ ስለ ገጠር ያሰበ ሰው ነውና እናመሰግነዋለን። ነገር ግን መጽሐፍ በኮከብና በመሰላል አይነበብም። ከታናናሾቻችን መካከል ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ሲዘጋጁ ከአዲስ አበባ እኩዮቻቸው ጋር በአንድ ጥያቄ የተፈተኑ፣ በአንድ መንገድ ግን ያልተማሩ አሉ። ጦርነት ስላለ ነው የሚለንን ሰው ምክንያቱን ሰምተነዋል፤ የመብራት ቍልፍ በአንድ እጅ ሲሆን በአንድ ጊዜ ስንት ቤት እንደሚጨልም ግን እርሱም ይስማን።

እንግዲህ በመመረቂያ ሥራችን ላይ ጥያቄ እናነሣለን። በየዓመቱ የኮምፒዩተር ተማሪው ፒዛ ለቦሌ የሚያደርስ ፕሮግራም ጽፎ ይመረቃል። ፒዛን አንጠላም። ነገር ግን የበግን ክብደት ኢንተርኔት በሌለበት መዝግቦ፣ መረብ ሲያገኝ የሚልክ፣ በአማርኛ ፊደል የሚሠራ ትንሽ ነገር መጻፍ የሚያሳፍር ሥራ ነውን? በጂኦግራፊ ትምህርት ክፍል ያሉት ጓደኞቻችንስ ያንን የነጻ ሥዕል ተርጕመው ለመንዝ አንድ ቀበሌ በየ10 ቀኑ አንድ አጭር መልእክት መላክ ያቅታቸዋልን? አንዳንዶቻችን «ገበያ የለውም» ይላሉ። ክርክሩ ከመኝታ ቤት ወጥቶ እስከ ካፌ ደርሷል፤ ገና አልበረደም።

ባለፈው ሰሞን ለሽማግሌው ደወልንላቸው። ኔትወርኩ ሦስት ጊዜ ተቋርጦ በአራተኛው ተገኙ። በጉን እንደማታየው፣ ሣሩን ግን ከላይ ማየት እንደሚቻል አስረዳናቸው። «ሣሩን ካየችማ፣» አሉን፣ «በልግ ሲቀር ከብቱን ወዴት እንደምነዳው ለምን ቀድማ አትነግረኝም?»

ይህንኑ ጥያቄ በወረቀት ጽፈን ለአንድ ትምህርት ክፍል አስገብተናል። «ነገ ተመለሱ» ከተባልን ዛሬ 19ኛ ቀናችን ነው።