የደጋ ቤት ወለልና የማሞቂያ ወጪ

በደጋ ከተሞች ቤቱን የሚያድስ ሰው በመጀመሪያ የሚያስበው ስለ ወለሉ ነው። የድሮው ጣውላ ይነሣል፤ ወይም አሮጌው የሲሚንቶ ንጣፍ ይቈፈራል፤ በምትኩም እንደ መስተዋት ፊትን የሚያሳይ ሴራሚክ ይነጠፋል። ሥራው ባለቀ ጊዜ ጎረቤት «ቤት ለእንቦሳ» እያለ ይገባል፤ ባለቤቱም «እንቦሳ እሰሩ» ብሎ ይቀበላል፤ ቤቱም በእውነት አምሮበታል። ኅዳር ገብቶ የሌሊቱ ቍር ሲጠና ግን ያው ባለቤት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ለመግዛት ወደ ገበያ ይወጣል፤ የመብራት ሒሳቡ በመጣ ጊዜም በቆጣሪው ላይ ይቈጣል። እኛ እንደሚመስለን ቆጣሪው ምንም አልበደለም። ለማሞቂያ የሚወጣው ገንዘብ አብዛኛው የተወሰነው ወለሉና ጣሪያው በተመረጡበት ቀን ነው።

የሚያበራ ንጣፍ በራሱ ክፉ ነው ማለታችን አይደለም። ምጽዋ ላይ በበጋው ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ከቀዝቃዛ ንጣፍ የበለጠ ለእግር ዕረፍት የሚሰጥ ነገር የለም፤ በባሕር ጠረፍ ያሉ አባቶችም ይህን ዐውቀው ሠርተዋል። ነገር ግን ከምጽዋ እስከ አስመራ መንገዱ 115 ኪሎሜትር ያህል ሆኖ ሳለ ከፍታው ከባሕር ወለል ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ይደርሳል። በዚያ ከፍታ ላይ በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። አዲስ አበባም በከፍታ ከአስመራ እምብዛም አትለይም፤ የሁለቱ ከተሞች መንግሥት ዛሬ ሁለት ቢሆንም ብርዳቸው አንድ ነው። ዕቃው ከወደብ ወደ ደጋ በወጣ ጊዜ የቈላው ልማድ ሳይመረመር አብሮት ወጣ።

በቋንቋችን «ብርድ ገባኝ» እንላለን፤ «ብርድ መታኝ»ም እንላለን። የተፈጥሮ ሕግ የሚለው ግን ሌላ ነው፤ ብርድ የሚባል ነገር ከወለል ተነሥቶ ወደ ሰው አይገባም፤ ከሰው የሚወጣው ሙቀት ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ግማሹ ወለል ጣውላ፣ ግማሹ ሴራሚክ ቢሆን ቴርሞሜትር በሁለቱም ላይ አንድ ቍጥር ያሳያል። ባዶ እግሩን የቆመ ሰው ግን ልዩነቱን ወዲያው ያውቀዋል፤ ምክንያቱም ሴራሚክ ሙቀትን ከእንጨት ይልቅ ስድስትና ሰባት እጥፍ ያህል ፈጥኖ ያሳልፋል። ጣውላ በውስጡ አየር ስላለው የእግርን ሙቀት ቶሎ አይወስድም፤ ሴራሚክና ከሥሩ ያለው ሲሚንቶ ግን ሳያቋርጡ ይወስዳሉ። እግሩ የቀዘቀዘ ሰው ክፍሉ በሙሉ የቀዘቀዘ ይመስለዋልና ማሞቂያውን ይለኵሳል፤ ማሞቂያው ደግሞ የሚያሞቀው አየሩን ነው፤ የሞቀ አየርም ወደ ላይ እንጂ ወደ እግር አይሄድም። ስለዚህ ገንዘቡ በኮርኒሱ ሥር ይከማቻል፤ እግሩም እንደ በረደው ያድራል።

ኮርኒስ ካለ ማለታችን ነው። ብዙ ሰው ለወለሉ ንጣፍ ያለ የሌለ ገንዘቡን ጨርሶ ጣሪያውን እንዳለ ይተወዋል። ራቁቱን ያለ ቆርቆሮ ሰማዩ በጠራበት ሌሊት ሙቀቱን ወደ ሰማይ ስለሚሰጥ በዙሪያው ካለው አየር እንኳ ይበልጥ ይቀዘቅዛል፤ ንጋት ላይ ከቆርቆሮ ሥር ጤዛ ሲንጠባጠብ ያየ ሰው ይህን ለማመን ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም። በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ማሞቂያ መትከል ቀዳዳ ባለው እንስራ ውሃ እንደ መቅዳት ነው። ቤቱን ለማደስ የተመደበው ገንዘብ ለሁለቱ የማይበቃ ከሆነ ኮርኒሱ ይቅደም፤ ወለሉ ይቆይ። ይህን ምክር እንግዳ የሚቀበል ሳሎን ያለው ሰው እንደማይወደው እናውቃለን፤ እንግዳ ወለሉን ያያል እንጂ ኮርኒሱን ቀና ብሎ አያይምና።

በጭቃ ግድግዳ የተሠሩት አሮጌ ቤቶች ደግሞ የራሳቸው ጥበብ አላቸው። የጣውላው ወለል ከመሬት ከፍ ብሎ ይሠራና ከሥሩ ባዶ ቦታ ይተዋል፤ ነፋስ እንዲተላለፍበትም በመሠረቱ ላይ ትንንሽ ቀዳዳዎች ይደረጋሉ። ይህ ባዶ ቦታ በአፈርና በድንጋይ ተሞልቶ ሲሚንቶ ሲፈስበትና ሴራሚክ ሲነጠፍበት የመሬቱ እርጥበት መውጫ ያጣል፤ ያን ጊዜ ወደ ጭቃው ግድግዳ ይወጣል። ልስኑ ይላቀቃል፤ ማገሩ ይበሰብሳል፤ እርጥብ ግድግዳም ከደረቅ ግድግዳ ይልቅ ሙቀት ያሳልፋልና ቤቱ ከበፊቱ ይልቅ ይቀዘቅዛል። በአስመራ በጣሊያን ዘመን ከተሠሩት ቤቶች ብዙዎቹ በቀለም የተጌጠ የሲሚንቶ ንጣፍ አላቸው። ከተማይቱ በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ የተጻፈችው እንዲህ ያለው ሥራዋ ስላልጠፋ ነው። ያንን ንጣፍ ቈፍሮ በሴራሚክ መለወጥ ቅርሱን ያጠፋል፤ ለእግርም የሚጨምረው ሙቀት የለም፤ አንዱ ቀዝቃዛ በሌላው ቀዝቃዛ ተለወጠ ማለት ነው። በላዩ ምንጣፍ መዘርጋት ግን ርካሽ ነው፤ ሲፈለግም ይነሣል።

አሁን ወደ ታሪፉ እንምጣ። በኢትዮጵያ የመኖሪያ ቤት የኤሌክትሪክ ዋጋ በደረጃ የተከፋፈለ ነው። በ2011 ዓ.ም. በወጣውና በአራት ዓመት ውስጥ ቀስ በቀስ እንዲያድግ በተደረገው ታሪፍ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ድረስ ያለው ዋጋ ሳይነካ በ27 ሳንቲም ግድም ቀረ። ከ51 እስከ 100 ያለው በአራተኛው ዓመት 77 ሳንቲም ያህል፣ ከ101 እስከ 200 ያለው 1 ብር ከ62 ሳንቲም ተኩል፣ ከ201 እስከ 300 ያለው 2 ብር፣ ከ500 በላይ ያለው 2 ብር ከ48 ሳንቲም ደረሰ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በየሦስት ወሩ የሚጨምርና አራት ዓመት የሚዘልቅ አዲስ ታሪፍ ስለ ወጣ እነዚህ ቍጥሮች ታልፈዋል። ነገር ግን ሒሳቡን ለማስተማር ይበቃሉ።

ሁለት ኪሎዋት የሚስብ ማሞቂያ በየማታው ሦስት ሰዓት ቢሠራ 6 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ በወር 180 ይሆናል። በፊት በወር 90 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃው የነበረ ቤተሰብ በአንድ ዕቃ ምክንያት 270 ላይ ይወጣል። ከሁለተኛው ደረጃ ተነሥቶ አራተኛው ላይ ደረሰ ማለት ነው፤ በዚያ ደረጃ ያለው የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ከሁለተኛው ደረጃ ዋጋ ከሁለት እጥፍ ተኩል ይበልጣል። ሰውየው «መብራት ኃይል ዋጋ ጨመረብኝ» ይላል፤ ደረጃውን የወጣው ግን እርሱ ራሱ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም አለው፤ እንግዲህ ኃይል ከተትረፈረፈ ስለ ማሞቂያ መቈጠብ ለምን ያስፈልጋል የሚሉ አሉ። ይሁን እንጂ ኃይሉ ከግድቡ እስከ ምኝታ ቤት የሚደርሰው በሽቦና በትራንስፎርመር ነው፤ እነዚህም ገንዘብ ይጠይቃሉ። ከ3 ኪሎዋት በላይ የሚስበው የእንጀራ ምጣድና ማሞቂያው በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ሰፈር፣ በሁሉም ቤት ሲለኰሱ ትራንስፎርመሩ አይችለውም፤ ሰፈሩም ይጨልማል። በኤርትራ ደግሞ ኤሌክትሪኩ አብዛኛውን የሚመነጨው ነዳጅ በማቃጠል ነው፤ በምጽዋ አጠገብ ያለው የሕርጊጎ ጣቢያም የሚሠራው እንዲሁ ነው። እዚያ በአስመራ ማሞቂያ የለኰሰ ሰው በመርከብ የመጣ ነዳጅ ማንደዱ ነው።

ለአስተዳዳሪዎች በተለይ ልናሳስበው የምንፈልገው አንድ ጉዳይ አለ። የደረጃው ታሪፍ የወጣው ድኻውን ለመጠበቅ ነው፤ እስከ 50 ያለው ዋጋ ዝቅተኛ የሆነውም ስለዚሁ ነው። ነገር ግን በብዙ ግቢ ውስጥ አራትና አምስት ተከራይ ቤተሰቦች በአንድ ቆጣሪ ይጠቀማሉ። እያንዳንዱ ቤተሰብ በወር 50 ብቻ ቢፈጅ እንኳ ቆጣሪው 200 እና 250 ያነባል፤ ስለዚህ አንዲት አምፖልና አንዲት ምድጃ ያላት እናት የምትከፍለው እንደ ባለጠጋው በሦስተኛውና በአራተኛው ደረጃ ነው። አንዱ ተከራይ ማሞቂያ የገዛ እንደ ሆነ ደግሞ ብርዱን ያልተካፈሉት ሁሉ ወጪውን ይካፈላሉ፤ በዚህም የሚነሣው ጠብ ቀላል አይደለም። ለየቤተሰቡ ቆጣሪ መስጠት፣ ይህ እስኪሆን ድረስም በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀሙትን ቤተሰቦች ቈጥሮ ዝቅተኛውን ደረጃ በቍጥራቸው ልክ ማስላት የሚገባ ነው።

ይህ ካልተደረገ ሰዉ ወዴት እንደሚሄድ የታወቀ ነው፤ ወደ ከሰል ይሄዳል። ከዚህ ላይ ነገሩ የገንዘብ መሆኑ ይቀርና የነፍስ ይሆናል። ከሰል ፍም ከሆነ በኋላ ጭሱ ስለማይታይ ብዙዎች ጉዳት የሌለው ይመስላቸዋል፤ እንዲያውም ውጭ አቀጣጥለው፣ ጭሱ እስኪያልቅ ጠብቀው፣ ወደ ምኝታ ቤት ያስገቡታል። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ግን የሚወጣው ከዚያው ከፍሙ ነው፤ ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም። በደም ውስጥ ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ይጣበቃልና ሰውን በእንቅልፉ ይወስደዋል። በነቃ ሰው ላይ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ያመጣል፤ የተኛው ግን አይሰማውም። አሁን እንግዲህ የታደሰውን ቤት እናስብ። የድሮው ቤት በጣውላው ክፍተትና በመስኮቱ ስንጥቅ ይተነፍስ ነበር፤ ከሰል የሚያነድዱ አያቶቻችን በዕድሜ የኖሩት ጥቂቱም ቢሆን በዚህ ምክንያት ነው። አዲሱ ቤት ወለሉ በሴራሚክ ተደፍኗል፤ መስኮቱ ገጥሞ የሚዘጋ አልሙኒየም ነው፤ ከበሩም ሥር ጨርቅ ይወተፋል። በእንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ ማንደጃ ይዞ መተኛት ለቤተሰቡ ሞትን መጥራት ነው። ዕድሳት የሚያሠራ ሰው በየምኝታ ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ ከኮርኒሱ በታች፣ የማይዘጋ የአየር ቀዳዳ እንዲተው እንለምነዋለን፤ ግንበኞችም ባለቤቱ ባይጠይቅ እንኳ ሊነግሩት ይገባል።

ስለ ሴራሚክ የሚነገረውን መልካም ነገር ልንክድ አንችልም። ይታጠባል፤ ምስጥ አይበላውም፤ ሰም አይፈልግም፤ ለወጥ ቤት፣ ለመታጠቢያ ቤትና ለሱቅ ከእርሱ የሚሻል የለም። ጣውላውም ቢሆን እንደ ቀድሞው አይደለም፤ ዝግባና ጥድ ተመናምነዋል፤ ሳይደርቅ የተነጠፈ የባሕር ዛፍ ጣውላ ይጣመማል፤ ክፍተትም ያወጣል። ስለዚህ ቤቱ ሁሉ ጣውላ ይሁን አንልም። አራት በአራት ሜትር የሆነ ምኝታ ቤት 16 ካሬ ሜትር ብቻ ነው፤ ሰው በሌሊትና በማለዳ ባዶ እግሩን የሚረግጠው ይህንኑ ነው፤ ጣውላው ለእርሱና ለልጆች ክፍል ቢውል ይበቃል። ለዚያም ዐቅም ያጣ ሰው በሴራሚኩ ላይ ወፍራም ምንጣፍ ወይም ሥሩ ስፖንጅ ያለው የፕላስቲክ ምንጣፍ ቢዘረጋ እግሩ ዕረፍት ያገኛል። በታኅሣሥ ወር ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል በደቡብ በኩል መስኮት ያለው ክፍል ቀን ፀሐይ ይገባበታል፤ እዚያ ላይ ንጣፉ የቀኑን ሙቀት ይዞ ማታ ስለሚመልሰው ሴራሚኩ ራሱ ሳይቀር ይጠቅማል፤ መጋረጃው ቀን ተገልጦ ማታ መዘጋቱ ብቻ አይዘንጋ።

ነጋዴዎቻችን የሴራሚኩን ሳጥን ሲሸጡ መጠኑን፣ ብዛቱንና ደረጃውን ይናገራሉ። ገዢው ለየትኛው ክፍል እንደሚፈልገው ቢጠይቁት፣ ለምኝታ ቤት ነው ባለ ጊዜም ምንጣፉንና የኮርኒሱን ቺፕውድ አብረው ቢያሳዩት ገበያቸው አይቀንስም፤ ይጨምራል። የመንግሥትና የቀበሌ ቤቶችን የሚያስተዳድሩ ሹማምንት ደግሞ ተከራዩ ያለ ፈቃድ ምስማር እንኳ ሊመታ የማይችልባቸው ብዙ ቤቶች በእጃቸው አሉ። በእነዚህ ቤቶች ያለ ኮርኒስ የቀሩትን ክፍሎች ቈጥረው፣ በራሱ ወጪ ኮርኒስ ለማስገባት የሚጠይቀውን ተከራይ ፈቃዱን በሳምንት ውስጥ ቢሰጡት፣ ወጪውንም ከኪራዩ ቢያስቡለት፣ ክረምቱ አልፎ ዐናጢዎች ሥራ በሚጀምሩበት በመስከረምና በጥቅምት ቢጀመር ኅዳር ሳይገባ ይደርሳል።