ዊንዶውሱ የእናንተ ነበር፤ ማን ሰረዘው?

በሶዶ ከተማ ላፕቶፕ ሊያስጠግን የገባ ሰው ችግሩን ተናግሮ ሳይጨርስ የሚሰማው መልስ አንድ ነው፦ «ፎርማት ይደረግ»። ዘገየ? ፎርማት። ቫይረስ ገባ? ፎርማት። ድምፅ አልሰማ አለ? እሱም ፎርማት። የስክሪን ገመድ ለላላበት ማሽን ፎርማት ያዘዘ «ባለሙያ» በዓይኔ አይቻለሁ። ጥቂት መቶ ብር ትከፍላላችሁ፣ ከሰዓት ተመለሱ ትባላላችሁ፣ ስትመለሱ አዲስ የሚመስል ላፕቶፕ ይሰጣችኋል። አዲስ ግን አይደለም። የእናንተ የነበረ ነገር ወጥቶ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ነገር ገብቶበታል።

ክሴን በግልጽ ላስቀምጥ። አብዛኞቻችሁ ላፕቶፑን ስትገዙ ሕጋዊ ዊንዶውስ አብራችሁ ገዝታችኋል። ዋጋው በላፕቶፑ ዋጋ ውስጥ ተደምሯል። ፎርማት የሚያደርገው ልጅ ያንን ያጠፋና በክራክ የተከፈተ ሌላ ይጭናል፤ ለዚህም ያስከፍላል። ለጊፋታ ዓመቱን ሙሉ ቆጥባችሁ ሰንጋ ገዛችሁ እንበል። ያረደላችሁ ሰው የእናንተን ሥጋ ጥሎ ከየት እንደመጣ የማታውቁትን ሥጋ በፌስታል ቢያቀብላችሁ፣ «የቢላዋ» ብሎም ገንዘብ ቢጠይቃችሁ፣ ዳጣ አቅርባችሁ ትበሉታላችሁ? ላፕቶፑ ላይ ሲሆን ግን አመስግነን ነው የምንወጣው።

«ሲዲው ስለሌለ ኦሪጅናሉን መመለስ አይቻልም» የሚለው ሰበብ ከሁሉም ያናድደኛል። ሲዲ ከላፕቶፕ ካርቶን ውስጥ ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል፤ የአሁኖቹ ላፕቶፖች አብዛኞቹ ሲዲ የሚገባበት ቦታ እንኳ የላቸውም። በዊንዶውስ 7 ዘመን ፈቃዱ ከላፕቶፑ ሆድ ሥር በተለጠፈች ወረቀት ላይ የተጻፈ 25 ፊደልና ቁጥር ነበር። ወረቀቷ በላብና በመፋተግ ስትደበዝዝ ፈቃዱም አብሮ ይጠፋ ነበር። ዊንዶውስ 8 ከወጣበት እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ግን ኤችፒም፣ ዴልም፣ ሌኖቮም ከዊንዶውስ ጋር በሚሸጡት ማሽን ላይ ቁልፉን ማዘርቦርዱ ላይ ባለ ቺፕ ውስጥ ማስቀመጥ ጀመሩ። ሃርድ ዲስኩ ቢቃጠል፣ ቢቀየር፣ አሥር ጊዜ ፎርማት ቢደረግ ቁልፉ እዚያው ነው። ትክክለኛው ዊንዶውስ ሲጫን ራሱ አንብቦ ይወስደዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 ከዊንዶውስ 10 ጋር ደግሞ ዲጂታል ላይሰንስ መጣ፦ አንድ ጊዜ በሕጋዊ መንገድ የተከፈተ ማሽን ማይክሮሶፍት ዘንድ ይመዘገባል፤ ያው ዓይነት ዊንዶውስ ድጋሚ ሲጫንበት ኢንተርኔት እንዳገኘ ይከፈታል። ከዱባይና ከአሜሪካ ተጭነው የሚመጡት ያገለገሉ ላቲትዩዶች፣ ኤሊትቡኮችና ቲንክፓዶች ብዙዎቹ ይህ ቁልፍ በሆዳቸው አለ።

ታዲያ ቁልፉ እዚያው ካለ ክራክ ለምን አስፈለገ? ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ዊንዶውስ ሆም አለ፣ ፕሮ አለ፣ ኢንተርፕራይዝ አለ። የእናንተ ማሽን ቁልፍ የሆም ከሆነ የሚከፍተው ሆምን ብቻ ነው። ልጁ ግን ኪሱ ውስጥ ያለው አንድ ፍላሽ ነው፤ ፍላሹ ላይ ያለው ፕሮ ወይም ኢንተርፕራይዝ ነው። ለመጣው ሁሉ ያንኑ ይጭናል። ቁልፉና በሩ ስላልተገናኙ ማያ ገጹ ጥግ ላይ «አክቲቬት ዊንዶውስ» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ያኔ አክቲቬተር ያወጣል። ራሱ የፈጠረውን ችግር በክራክ «ፈታላችሁ» ማለት ነው። ትክክለኛውን ዓይነት ቢጭን ኖሮ አንድ ጠቅታ ሳይጨምር ይከፈት ነበር።

አሁኑኑ መፈተሽ ትችላላችሁ። ሴቲንግ፣ ከዚያ ሲስተም፣ ከዚያ አክቲቬሽን (ዊንዶውስ 10 ላይ አፕዴት ኤንድ ሴኩሪቲ ውስጥ ነው)። በዲጂታል ላይሰንስ ተከፍቷል የሚል ካያችሁ ደህና ምልክት ነው፤ ሁሉን ያጋልጣል ባልልም። «በድርጅትዎ የአክቲቬሽን አገልግሎት ተከፍቷል» የሚል ትርጉም ያለው የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ካያችሁ ግን ጠይቁ፤ የየትኛው ድርጅት? ቦዲቲ ላይ ሱቅ ያለው ነጋዴ፣ ሁምቦ የሚያስተምር መምህር፣ የምን ድርጅት አለው? ይህ አሠራር ኬ.ኤም.ኤስ. ይባላል። ቢያንስ 25 ኮምፒውተር ላላቸው ተቋማት የተሠራ ነው፤ በየ180 ቀኑ መታደስ አለበት። አክቲቬተሩ የሚያደርገው ኮምፒውተራችሁ ውስጥ የውሸት «የድርጅት ሰርቨር» ማስቀመጥ ነው። ያ ፕሮግራም እዚያው ተቀምጦ ይኖራል፤ እናንተ ሳታውቁት ይሠራል።

አክቲቬተሩን ለመጫን መጀመሪያ የሚደረገው ምንድነው? አንቲቫይረሱን ማጥፋት። አንድ ሰው ቤታችሁ ሊገባ ሲል «መጀመሪያ ውሻውን እሰሩልኝ፣ ዘበኛውንም አስወጡልኝ» ቢላችሁ ምን ትላላችሁ? እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 2021 ሬድ ካናሪ የተባለ የደኅንነት ኩባንያ ኬ.ኤም.ኤስ. ፒኮ በሚል ስም በሚሰራጭ ጫኝ ውስጥ ክሪፕትቦት የተባለ ሌባ ፕሮግራም ተጭኖ እንደሚገኝ አሳውቆ ነበር። ክሪፕትቦት ብራውዘር ላይ ያስቀመጣችሁትን የይለፍ ቃል ሰብስቦ የሚልክ ነው። ኢሜይል፣ ፌስቡክ፣ የባንክ ገጽ። እኔ በግሌ የምሠራ ጋዜጠኛ ነኝ፤ «ስሜ እንዳይጠቀስ» ብለው ያናገሩኝ ሰዎች ድምፅ ላፕቶፔ ውስጥ ነው። ለእኔ ይህ የቴክኖሎጂ ወሬ አይደለም።

ደግሞ ብዙዎቹ ክራክ የሚጭኑ ልጆች ክራኩ እንዳይገለጥ ብለው አፕዴቱን ይዘጋሉ። ውጤቱን ዓለም ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. አይቶታል። ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በ150 ገደማ አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒውተሮችን ሲቆልፍና ቤዛ ሲጠይቅ ማይክሮሶፍት መከላከያውን ካወጣ ሁለት ወር ሊሞላው ነበር። የተያዙት በአብዛኛው አፕዴት ያልደረሳቸው ነበሩ።

አረካ የምታስተምር አንዲት ጓደኛዬ የማስተርስ ጥናቷን የጠፋችው በቫይረስ አይደለም፤ በፎርማት ነው። ላፕቶፑን ለአንድ ሱቅ ሰጠች፤ «ሲ ላይ ያለው ብቻ ነው የሚጠፋው፣ ዲ ላይ ያለው አይነካም» ተባለች። ጥናቷ ዴስክቶፕ ላይ ነበር። ዴስክቶፕ ደግሞ ሲ ውስጥ ነው። ልጁ አልዋሻትም፤ እሷም አልጠየቀችም። የአንድ ዓመት መረጃ ግን በ40 ደቂቃ ሄደ። በዚያው ዕለት ደግሞ አምራቹ ማሽኑ ውስጥ ያስቀመጠው የመመለሻ ክፍል «ቦታ ይይዛል» ተብሎ ተሰርዟል። ያ ክፍል ያለ ሲዲ ሕጋዊውን ሲስተም የሚመልሰው ነበር።

የሚመጣውን መልስ አውቀዋለሁ። «ማይክሮሶፍት ሀብታም ነው፤ ብንሰርቀው ምን ይሆናል?» እኔም ለማይክሮሶፍት አላለቅስም። ቢል ጌትስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1998 ስለ ቻይናውያን ሲናገር፣ መስረቃቸው ካልቀረ የእኛን ይስረቁ፣ ሱስ ይይዛቸዋል፣ ገንዘቡን እንዴት እንደምንሰበስብ በኋላ እናስብበታለን የሚል ሐሳብ ሰንዝሮ ነበር። ስለዚህ ክራክ መጫን ኩባንያውን መበቀል የሚመስለው ሰው ካለ ኩባንያው በእሱ ላይ ብዙም እንዳልተናደደ ይወቅ። እኔ የማወራው ስለ እናንተ ገንዘብ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲመራ ከተለቀቀ በኋላ ላፕቶፕ መግዛት ምን ያህል እንደከበደ ለማንም አልነግርም። በዚያ ዋጋ የገዛችሁትን ነገር ግማሹን ማስጣል ድህነትን ማባባስ ነው።

ሁለተኛው መልስ የኢንተርኔት ዋጋ ነው፤ ይህኛው እውነት አለው። የዊንዶውስ 11 ፋይል ከ5 ጊጋባይት በላይ ነው። ነገር ግን አንድ ሱቅ ይህን ፋይል በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ ቢያወርደው ለመቶ ደንበኛ ይበቃል፤ ክራኩንስ ከየት አወረደው? ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ያላችሁ ተማሪዎች ደግሞ ዋይፋይ ባገኛችሁ ቀን ፊልም ከምታወርዱ ይህን አውርዱ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ፋይላችሁን ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጡ፤ ዴስክቶፑንም፣ ዶክመንቱንም፣ ዳውንሎዱንም። ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ 48 አሃዝ ያለውን የመክፈቻ ቁጥር ከማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ላይ ጽፋችሁ ያዙ፤ ያለዚያ በኋላ ታለቅሳላችሁ። የመጀመሪያው ዊንዶውስ ገና ካልተነካ ሌላ ነገር አያስፈልግም፤ ሴቲንግ ውስጥ ሪከቨሪ፣ ከዚያ «ሪሴት ዚስ ፒሲ»። ፋይሌን አስቀርልኝ ማለት ይቻላል። ከማሽኑ ከራሱ እንዲጭን ብትመርጡ ዳታ አይበላም፤ ከኢንተርኔት እንዲያወርድ ብትመርጡ ከ4 ጊጋባይት በላይ ሊወስድ ይችላል። ዊንዶውሱ አልነሳ ካለ የአምራቹን የመመለሻ ክፍል በኪቦርድ ጥሩት፦ በብዙዎቹ ኤችፒዎች ሲነሳ ኤፍ 11፣ በኤሰር ኦልት ከኤፍ 10 ጋር፣ በአሱስ ኤፍ 9፤ ብዙ የሌኖቮ አይዲያፓዶች ደግሞ በጎናቸው በመርፌ የምትነካ ትንሽ ቀዳዳ አለቻቸው።

ክራክ ቀድሞ ከተጫነ ግን ሪሴት አይረዳችሁም፤ ያንኑ የተሳሳተውን ፕሮ መልሶ ይጭነዋል። ያኔ የሚያስፈልገው 8 ጊጋ ፍላሽና ከማይክሮሶፍት ገጽ በነፃ የሚወርደው ሚዲያ ክሪኤሽን ቱል ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ቁልፍ ካለ ጫኙ ሆም ወይስ ፕሮ ብሎ ሳይጠይቅ ትክክለኛውን ይመርጣል። ዴልና ሌኖቮም በሲሪያል ቁጥሩ የፋብሪካውን ሲስተም በነፃ የሚሰጡበት ገጽ አላቸው።

ቁልፍ የሌለው ማሽንስ? አለ። ፍሪዶስ ተብሎ ያለ ዊንዶውስ የሚሸጥ ላፕቶፕ አለ፤ ለእሱ ወይ ፈቃድ መግዛት ወይ ሊኑክስ መጫን ነው። ኡቡንቱና ሊኑክስ ሚንት ነፃ ናቸው፤ ለጽሑፍ፣ ለኢንተርኔትና ለፊልም ይበቃሉ። ፓወር ግዕዝ ላይ የተመሠረተ የጽሕፈት ሥራ ያለው ሰው ግን ይቸገራል፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ዊንዶውስ 10 ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. መደበኛ ድጋፉ ስላበቃ፣ ዊንዶውስ 11 ለማይቀበሉት አሮጌ ማሽኖች ሊኑክስ ጨዋ መውጫ ነው።

የመንግሥት መሥሪያ ቤትና ትምህርት ቤትን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ይጠብቃል። ሕግ አስፈጻሚው ራሱ በሕዝብ ገንዘብ የገዛውን ኮምፒውተር ለፎርማት ልኮ ሲያበቃ ሕግ ላስከብር ሲል አያምርበትም። የአይሲቲ ባለሙያ የቀጠረ ዞንና ወረዳ ቢያንስ አንድ ንጹሕ ፍላሽ መያዝ አያቅተውም።

ለእናንተም፣ ሱቅ ላላችሁ ወንድሞቼ። እጃችሁ ሥራ ያውቃል፤ ሌብነት አስተምሯችሁ ያደረ የለም፤ የተማራችሁት ከተማሩበት ሰው ነው። ለፋይል መገልበጥ ለብቻ አስከፍሉ፤ ደንበኛ ይከፍላል። ሆምና ፕሮን የያዘ ኦሪጅናል ፍላሽ አዘጋጁ። ደረሰኙ ላይ ምን እንደጫናችሁ ጻፉ።

ደንበኛው ደግሞ ላፕቶፑን ከመስጠቱ በፊት የአክቲቬሽኑን ገጽ በስልኩ ፎቶ ያንሳ። ሲቀበልም ገንዘቡን ሳይከፍል እዚያው ቆሞ ይክፈተውና ሁለቱን ያስተያይ።