የንግዱ ብርና የማጀቱ ብር



በደብረ ታቦርም ሆነ በወረታ፣ በአዲስ ዘመንም ሆነ በወንዛዬ አካባቢ ቆሎና ዳቦ የምትሸጥ፣ ሽሮና በርበሬ የምታዘጋጅ፣ ሰፌድ የምትሰፋ ወይም ትንሽ ሱቅ የከፈተች እህት «ሥራሽ ምንድን ነው?» ተብላ ስትጠየቅ የምትሰጠው መልስ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። «ሥራ እንኳ አይባልም፤ ለጨው መግዣ ብዬ ነው» ትላለች። ይህች እህት ሱብሒን ሰግዳ እሳት የምታነድ፣ ፀሐይና ብርድ ሲፈራረቅባት የምትውል፣ የልጆቿን ደብተርና ጫማ ከዚያችው ሽያጭ የምትገዛ ናት። ነገር ግን ሥራዋን ሥራ ብላ ስላልጠራችው ሒሳብ አትይዝለትም። ሒሳብ ያልተያዘለት ንግድ ደግሞ ሲያድግም አይታወቅም፤ ሲሞትም አይታወቅም።

በዚህ ወር አምዳችን ልንነጋገር የፈለግነው ይህንኑ ነው። የእህቶቻችንን ንግድ ባለበት እንዲረግጥ የሚያደርገው የመነሻ ገንዘብ ማነስ ብቻ አይደለም። የንግዱ ብርና የማጀቱ ብር በአንድ መቀነት ስለሚቋጠሩም ነው። እነዚህን ሁለቱን መለየት የመጀመሪያው እርምጃ ነው። ሸሪዓችንም ቢሆን ለዚህ መሠረቱን አስቀድሞ ጥሎልናል።

የሴት ልጅ ሀብት በኢስላም

እናታችን ኸዲጃ ቢንት ኹወይሊድ (ረ.ዐ.) በመካ የታወቁ ነጋዴ ነበሩ። ራሳቸው ከቅፍለቱ ጋር አይጓዙም ነበር፤ ገንዘባቸውን ለሚያምኑት ሰው ሰጥተው ከትርፉ ድርሻ እየሰጡ ያሠሩ ነበር። ነቢያችን ሙሐመድም (ሰ.ዐ.ወ.) ከነቢይነታቸው በፊት የእሳቸውን ሸቀጥ ይዘው ከአገልጋያቸው ከመይሰራ ጋር ወደ ሻም ተጉዘዋል። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። እናታችን ኸዲጃ የንግዱ ባለቤት እንደነበሩ ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ገንዘቡ ተቆጥሮ ይወጣል፣ ተቆጥሮ ይመለሳል፤ የሚያሠሩትንም ሰው የሚመርጡት በታማኝነቱ ነበር።

ቁርኣንም በሱረቱ ኒሳእ ለወንዱ የሠራውን፣ ለሴቷም የሠራችውን ያጸናል፤ መህሯንና የውርስ ድርሻዋን የራሷ ያደርጋል። የቤት ቀለብ ደግሞ በባል ላይ የተጣለ ግዴታ ነው። ሚስት ከራሷ ገንዘብ ለቤቷ ብታወጣ መልካም ሥራ ነው። የዐብደላህ ኢብን መስዑድ ባለቤት የእጅ ሥራ የነበራት ዘይነብ (ረ.ዐ.) ለባሏና በእጇ ላሉ የቲሞች ታወጣ ነበር። ስለዚሁ አስጠይቃ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) እጥፍ ምንዳ እንዳለው አሳውቀዋታል። እንግዲህ ሶደቃ ሆኖ የሚቆጠረው ዐውቀንና አስበን ስንሰጠው ነው። ሳናውቀው ከመቀነታችን እየተመዘዘ የሚያልቀው ገንዘብ ግን ንግዱንም ይገድላል፣ ቤቱንም አያቆምም።

የአያቶቻችን ትምህርት

በጎንደርና በአካባቢው ሙስሊሞች ነጋዴና ሸማኔ የሆኑት በአጋጣሚ አልነበረም። በ1668 እ.ኤ.አ. በቀዳማዊ ዮሐንስ ዘመን የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ወሰነ። የርስት መሬትም በአመዛኙ ዝግ ስለነበረባቸው እንጀራቸውን በንግድና በሽመና ፈለጉ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስሙ በሩቅ ይጠራ የነበረው የይፋግ ገበያና በአጠገቡ ያለችው ደሪጣ የሙስሊም ነጋዴዎች መኖሪያ ነበሩ። በዚያ ሁሉ የሸማ ሥራ ውስጥ ጥጡን የምትፈለቅቀው፣ የምታባዝተውና የምትፈትለው ሴቷ ነበረች። ፈትል ሳይኖር ሸማ የለም። ይሁን እንጂ ሸማው ገበያ ወጥቶ ሲሸጥ የፈትሉን ዋጋ ለብቻው የሚቆጥርላት አልነበረም። ዛሬም «ለጨው መግዣ» የሚለው አነጋገር የዚያው ልማድ ቅሪት ይመስለናል።

ትርፍ የቱ ነው?

ነገሩን በምሳሌ እንየው፤ ዋጋዎቹ ለማስረዳት ያህል የቀረቡ ናቸው። አንዲት እህት 2 ኩንታል አተር በ24,000 ብር ገዛች እንበል። ለቅመም፣ ለወፍጮና ለማጓጓዣ 3,000 ብር ጨመረች። ሽሮውን ሁሉ ሸጣ 30,000 ብር አገኘች። «3,000 ብር አተረፍኩ» ብላ ለቤቱ ዘይትና ስኳር ገዛችበት። በሚቀጥለው ገበያ ስትወጣ ግን የአንዱ ኩንታል ዋጋ 13,000 ብር ሆኖ ጠበቃት። ያንኑ 2 ኩንታል ገዝታ ለማዘጋጀት አሁን 29,000 ብር ያስፈልጋታል፤ በእጇ ያለው ግን 27,000 ነው። ስለዚህ ከበፊቱ 15 ኪሎ ያህል ቀንሳ ትገዛለች። እውነተኛው ትርፏ 1,000 ብር ነበር፤ 2,000ው የንግዱ ሥጋ ነበር፣ እሷ ግን ሳታውቅ በላችው። ይህ አራት አምስት ጊዜ ሲደጋገም ንግዱ ይዘጋል። ሰዎችም «ዓይን በልቷት ነው» ይላሉ።

ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህ ስሌት ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል። ስለዚህ ትርፋችንን በብር ብዛት ብቻ አንለካው። «ይህን ሸቀጥ መልሼ ብገዛው ምን ይተርፈኛል?» ብለን እንጠይቅ። ከዚያ የተረፈው ትርፍ ነው።

ከየት እንጀምር?

አንደኛ፣ ሁለት ቦታ እናስቀምጥ። የንግዱ ብር አንድ ሣጥን ወይም አንድ የባንክ ደብተር፣ የቤቱ ብር ሌላ ይኑረው። ከንግዱ ለራሳችን የምናወጣውን በሳምንት ወይም በወር እንወስነው፤ ለሠራተኛ እንደምንከፍል ሁሉ ለራሳችን ደመወዝ እንቁረጥ። ከዚያ በላይ ለበዓል፣ ለለቅሶ ወይም ለሠርግ ከንግዱ ከወሰድን ብድር ነው፤ ጽፈን እንመልሰው። ከቤታችን ሱቅ አንስተን የበላነው ስኳርም ይጻፍ።

ሁለተኛ፣ እንጻፍ። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ በሱረቱል በቀራ ያለው 282ኛው አንቀጽ ነው፤ የሚናገረውም ብድርን ስለ መጻፍና ምስክር ስለ ማቆም ነው። አንድ ደብተር ይበቃል፦ የተገዛ፣ የተሸጠ፣ በዱቤ የሄደ፣ ከንግዱ የወጣ። መጻፍ የማትችል እናት ብትሆን የተማረች ልጇ ማታ ማታ ትጻፍላት። ልጅቷም በዚያው ሒሳብ ትማራለች። «ከጎረቤት ጋር ምን ያጽፋል?» የሚሉ አሉ። መጻፉ ጎረቤትን አለማመን አይደለም፤ ዝምድናን ከመርሳትና ከጥርጣሬ መጠበቅ ነው። ለዱቤም ልክ እናብጅለት። ከመነሻ ገንዘባችን ከአንድ አምስተኛው በላይ በሰው እጅ ካለ ቆም ብለን እንሰብስብ።

ሦስተኛ፣ ለማን እንደምንሸጥ እንወቅ። በደብረ ታቦር ሠፈር ውስጥ ያለች ደንበኛ በየሳምንቱ የምትመለስ ናት፤ የምትፈልገው ያው ጣዕምና ያው ሚዛን ነው። ወደ ወንዛዬ ፍል ውኃ ለሕመሙ የሚመጣው ሰው ግን ከቤቱ ርቆ የሚሰነብት ነው፤ እሱ የሚሻው ወዲያው የሚበላ ዳቦ፣ በሶ፣ ቆሎና ሻይ ነው። አንዱን ሸቀጥ ለሁለቱም ይዞ መሄድ ድካም ነው። ጎረቤታችን ሽሮ ስለሸጠች ሁላችንም ሽሮ ከምንሸጥ፣ አንዳችን በሶ፣ ሌላችን ዳቦ ቆሎ ብንይዝ ለሁላችንም ይሻላል።

አራተኛ፣ አማናችንን አንሽጥ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን በእህል ክምር ውስጥ ከትተው እርጥበት አገኙ፤ ሻጩም ርጥቡን ክፍል ሰው እንዲያየው ከላይ ሊያደርገው ይገባው እንደነበር ነግረው፣ ማታለልን ክፉኛ አወገዙ። በሽሮ ውስጥ ርካሽ እህል መቀላቀል፣ በበርበሬ ውስጥ ባዕድ ነገር መጨመር ዛሬ ጥቂት ብር ያስገኝ ይሆናል፤ ነገር ግን በረካውን ያነሳል፣ ደንበኛውንም ያሸሻል።

ገንዘብ ከየት ይምጣ?

ወለድ ሐራም ነው ብለን እህቶቻችንን ብቻ አስጠንቅቀን ብንተዋቸው ግማሹን መንገድ ብቻ ነው የነገርናቸው። ሐላሉን በር ማሳየትም ይገባናል።

ዕቁብ አንዱ ነው። ማንም ከሰጠው በላይ ስለማይወስድ ብዙ ዑለማዎች ይፈቅዱታል። ነገር ግን ዕጣዋ የወጣላት ተራዋን በቅናሽ ገንዘብ መሸጥ የተለመደበት ቦታ አለ። በጥሬ ገንዘብ ላይ የሚደረግ እንዲህ ያለ ጭማሪና ቅናሽ ወደ ሪባ የሚያስገባ ስለሆነ እንራቀው፤ በአካባቢያችን ያሉ ዑለማዎችንም እንጠይቅ። የዕቁብ ብር ሲደርሰንም ለዕቃ መግዣ እንጂ ለምንጣፍ መለወጫ አናውለው።

ሌላው ሽርክና ነው። አንዷ ገንዘብ፣ ሌላዋ ጉልበትና ሙያ አዋጥተው ትርፉን በተስማሙበት ድርሻ የሚካፈሉበት ሙዷረባ እናታችን ኸዲጃ የሠሩበት ነው። ድርሻው ከትርፉ በመቶኛ ወይም በሲሶና በእኩል ይነገር እንጂ «በየወሩ ይህን ያህል ብር» ተብሎ አይቆረጥም። ኪሳራ ቢመጣ፣ ሠራተኛዋ ጥፋት ካልሠራች በስተቀር፣ የገንዘቡ ባለቤት ገንዘቧን፣ ሠራተኛዋ ደግሞ ድካሟን ታጣለች።

ከዚህም በላይ ዛሬ ከወለድ ነፃ ባንክ አለ። ብሔራዊ ባንክ በ2011 እ.ኤ.አ. ባንኮች ከወለድ ነፃ መስኮት እንዲከፍቱ በመመሪያ ፈቀደ፤ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክም በ2013 እ.ኤ.አ. አገልግሎቱን ጀመረ። ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑት ዘምዘምና ሂጅራ ባንኮች ደግሞ በ2021 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመሩ። በሙራበሓ ውል ባንኩ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ፣ ትርፉን ገልጦ በክፍያ ጊዜ ይሸጥልናል። ለዚህ የሚጠየቀው ግን መያዣ፣ የንግድ ፈቃድና ሒሳብ ነው። ያች የማታ ደብተር እዚህ ላይ ትናገርልናለች።

ስለ ጊዜው

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን በደረሰው ግጭት መንገድ ሲዘጋ፣ የሞባይል ኢንተርኔትም ለወራት ተቋርጦ ሲቆይ አይተናል። ቴሌብርን የመሰለ አገልግሎት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ሁሉንም በአንድ ቦታ አናስቀምጥ። የጥቂት ሳምንት ሸቀጥ የሚገዛ ጥሬ ገንዘብ በአስተማማኝ ቦታ ይኑረን፤ ከሩቅ በሚመጣ አንድ ዕቃ ብቻም አንንጠልጠል። በአላህ መመካት ሰበቡን ከማድረስ ጋር ነው።

ለባሎችና ለአባቶች

ወንድሞቻችን፣ የሚስታችሁ ንግድ ሲያድግ የቀለብ ግዴታችሁ አይወርድም። ከእሷ ብር ስትበደሩ እንደ ማንኛውም ብድር ጻፉት። አንድ ነገር ደግሞ ማወቅ ይገባል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስት በትዳር ውስጥ በጥረታቸው የሚያገኙትን ገቢ የጋራ ያደርገዋል፤ ከጋብቻው በፊት ወይም በጋብቻው ዕለት ግን ስለ ንብረታቸው በውል መስማማት ይችላሉ። ክልላችንም የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው። ስለዚህ ልጅ የሚድሩ አባቶች ስለ መህሩ ብቻ ሳይሆን ስለ ሙሽራዋ ንግድም በኒካሑ ጊዜ ተነጋግረው፣ የሕግ ዐዋቂ ጠይቀው ቢጽፉት ኋላ ከሚመጣ ክርክር ይድናሉ።

በመጨረሻም፣ ለንግድ የተቀመጠ ሸቀጥና ገንዘብ የ85 ግራም ወርቅ ዋጋ ደርሶ የጨረቃ ዓመት ከዞረበት ዘካው 2.5 በመቶ ነው። ዘካ ለማውጣት ያለንን መቁጠር ግድ ነው። እንግዲህ ያ «ለጨው መግዣ» የተባለው ንግድ አንድ ቀን ዘካ የሚወጣለት ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ቆጥረን ካልያዝነው ግን የድኾች ሐቅ በእጃችን ሳለ አናውቀውም።

በዚህ ሳምንት አንድ ደብተርና አንድ ሣጥን ይዘን እንጀምር። አላህ (ሱ.ወ.) ሪዝቃችንን ሐላል፣ ትርፋችንን በረካ ያለው፣ ለሀገራችንም ሰላሙን ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።