ልጅቷ አልሰረቀችም

“ጋዜጠኝነት እየተማሩ ስለ ዳታቤዝ ማውራት ምን ይሉታል?” እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ግን ስሙኝ።

አምና ክረምት ራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ በአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራ ነበር። አንድ ቅዳሜ ማታ ሒሳብ ስንዘጋ መሳቢያው ውስጥ ያለው ገንዘብ ኮምፒውተሩ ከመዘገበው በስድስት ብር ከምናምን በለጠ። ባለቤቱ ገንዘብ ተቀባይዋን “የሰው መልስ እያስቀረሽ ነው” አላት። ብትምል ብትገዘት ማን ይስማት! “ኮምፒውተር አይዋሽም” ተባለ። እኔም ዝም አልኩ።

ኋላ ፕሮግራም የሚያውቅ ልጅ ከፍቶ ሲያየው ጥፋቱ ሌላ ቦታ ተገኘ። የዓመቱ ድምር የተቀመጠው “ፍሎት” በሚባለው ተንሳፋፊ ነጥብ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። በ1887 ዓ.ም. ከተቀረጹት የምኒልክ ብር ዝርዝሮች መካከል አላድ፣ ሩብና ተሙን ነበሩ፤ ግማሽ፣ የግማሽ ግማሽ፣ እንደገና ግማሽ። ኮምፒውተርም ክፍልፋይ የሚይዘው እንዲሁ እያጋመሰ ነው። የዛሬው ብር ግን 100 ሳንቲም ነው፤ 10 ሳንቲም ደግሞ ብርን በማጋመስ ብቻ በትክክል አይገኝም። ስለዚህ ማሽኑ የሚቀርበውን ይይዛል።

በባለ 32 ቢቱ ፍሎት ድምሩ 131,072 ብር ካለፈ የቁጥሩ እርምጃ ቢያንስ የብር አንድ ስልሳ አራተኛ ይሆናል፤ ይሄ ከአንድ ሳንቲም ይበልጣል። 150,000 ብር ላይ የአራት ብር ኮፒ ከ15 በመቶ ታክሱ ጋር፣ ማለትም 4.60፣ ስትደምሩ የሚገባው 4.59375 ብቻ ነው። 1,000 ጊዜ ደጋግሙት፤ 6 ብር ከ25 ሳንቲም ከመዝገቡ ይጎድላል። መሳቢያው ውስጥ ግን አለ!

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ገንዘብን በሳንቲም ቆጥሮ በሙሉ ቁጥር ማስቀመጥ፣ ወይም “ዴሲማል” የሚባለውን ዓይነት መምረጥ ነው። ፍሎት ለሙቀትና ለርቀት ልኬት ይሁን፤ ለሰው ገንዘብ ግን አይሁን።

ይሄ የፕሮግራመሮች ጉዳይ ብቻ አይመስለኝም። እኛ ሰው ሲነግረን “ማስረጃህ የታለ?” እንላለን፤ ከኮምፒውተር የወጣ ቁጥር ሲሰጠን ግን ሳንጠይቅ እንጽፋለን። ቁጥሩ እንዴት ተመዘገበ፣ እንዴት ተደመረ ብሎ መጠየቅም የሙያችን ሥራ ነው።

ባለቤቱ በመጨረሻ ይቅርታ ጠየቃት። እሷ ግን በሳምንቱ ሥራውን ለቀቀች። እኔን እስከዛሬ የሚቆጨኝ ያን ማታ “እስቲ ማሽኑም ይመርመር” አለማለቴ ነው።