መርከቧን ከነሠራተኞቿ አምጡልን

ሲምስን ለሚሠሩት ሰዎች የምነግራቸው ነገር አለኝ፤ ለዘብ አድርጌም አልነግራቸውም። ከሃያ ዓመት በላይ የዕረፍት ቦታ ስትሸጡልን ኖራችኋል። ጉዞ ግን አንድም ቀን አልሰጣችሁንም። እኔ የክሩዝ መርከብ ይጨመርልን ከሚሉት ተጫዋቾች አንዷ ነኝ፤ ዓመታት ጠብቄዋለሁ። መርከቧን የምፈልጋት ግን ከነሠራተኞቿ ነው። አልጋ አንጣፊዋ፣ ሰሃን አጣቢው፣ ሞተር ክፍል ውስጥ በላብ የሚጠመቀው ሰው የሌሉባትን መርከብ ልታመጡልን ካሰባችሁ ብትተዉት ይሻላል።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልናገር። ሲምስ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ የኮምፒውተር ጨዋታ ነው። ፈጣሪው ዊል ራይት በ1991 ካሊፎርኒያ ውስጥ ኦክላንድን የመታው ቃጠሎ ቤቱን አውድሞበታል። ኑሮውን እንደገና ሲያቋቁም ሰው ለመኖር ምን ምን ዕቃ እንደሚያስፈልገው ማሰላሰሉ ለጨዋታው አንድ መነሻ ሆነው። ጠላት የለበትም፤ ማሸነፍም የለም። ሰው ትፈጥራላችሁ፣ ቤት ትሠሩለታላችሁ፤ ከዚያ ያ ሰው ይርበዋል፣ ይደክመዋል፣ ሽንቱ ይመጣበታል፣ ሥራ ይረፍድበታል፣ የሚከፈል ሂሳብ ይመጣበታል። ያልታጠበ ሰሃን ዝንብ ይወረዋል። መጸዳጃው ይደፈናል። ልቤን የወሰደው ይኸው ነው፤ በዚያ ዓለም ውስጥ ምንም ነገር በራሱ አይጸዳም። አንድ ሰው የግድ ጎንበስ ማለት አለበት።

ወደ ዕረፍቱ ልምጣ። በ2002 ለመጀመሪያው ሲምስ የዕረፍት ደሴት ተጨመረለት፤ ባሕር ዳርቻ፣ ጫካና በረዶ ነበረው። በ2007 ሁለተኛው ሲምስ ሦስት የመዝናኛ ስፍራዎች አገኘ። በ2009 ሦስተኛው ሲምስ ፈረንሳይን፣ ግብጽንና ቻይናን የሚመስሉ አገሮች ከፈተልን፤ የጥንት መቃብር ውስጥ እየገባን ሀብት ፈለግን። አራተኛው ደግሞ በ2015 የካምፕ ጫካ፣ በ2018 የላቲን አሜሪካን ዱር የሚመስል ስፍራ፣ በ2019 የፓስፊክ ደሴቶችን የሚመስል አገር፣ በ2020 ጃፓንን የሚያስታውስ በረዷማ ተራራ አመጣልን። ሁሉንም ተጫውቻቸዋለሁ፤ የወደድኳቸውም አሉ። ግን ልብ በሉ፤ በአንዳቸውም ውስጥ መንገድ የለም። ቤተሰቡ ከደጁ ይጠፋል፣ ስክሪኑ ትንሽ ያስጠብቀናል፣ ወዲያው ደርሰናል። ከሕይወት ላይ የተቀነሰው ያ መካከል ያለው ነው፤ ሰው ከሰው ጋር ተጣብቆ የሚሰለችበት፣ የሚጣላበት፣ የሚታረቅበት ሰዓት።

ክሩዝ ማለት ደግሞ መንገዱ ራሱ ዕረፍት የሆነበት ጉዞ ነው። እንዲያውም ለዚህ ጨዋታ ከዚህ የተሻለ ስፍራ አላውቅም። ብዙ ሺህ ሰው በአንድ ብረት ላይ ተጭኖ ለሳምንት ማምለጫ የለውም። እናት፣ አባት፣ ጎረምሳ ልጅና አያት መስኮት በሌላት ጠባብ ካቢን ውስጥ ተኝተዋል እንበል። ባልና ሚስቱ በመጀመሪያው ምሽት ተኳርፈዋል። በር ዘግቶ መውጣት ይቻላል፤ ወዴት ተሂዶ? ቢበዛ እስከ ቡፌው። ጎረምሳው የምታምር ልጅ ይተዋወቃል፤ ፍቅራቸው ግን መርከቡ ወደብ እስኪገባ ድረስ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ እሷ ወደ አገሯ፣ እሱም ወደ አገሩ። አንዲት ሕፃን ከአንዱ ፎቅ ወደ ሌላው እየሮጠች ትጠፋለች። ወደብ ላይ ወርደው ገበያ ሲያዩ የዋሉ ባልና ሚስት ሰዓቱን ረስተው፣ ሲመለሱ መርከባቸው ጀርባዋን ሰጥታቸው ስትሄድ ያያሉ፤ ይህ በእውኑ ዓለምም የሚደርስ ነገር ነው። በመጀመሪያው ቀን ሰባት አጭርና አንድ ረጅም የአደጋ ፊሽካ ይነፋል፤ ተሳፋሪ ሁሉ የመሰብሰቢያ ቦታውን ይማራል። ያ ልምምድ የይስሙላ አይደለም፤ በጥር 2012 ኮስታ ኮንኮርዲያ ጣሊያን ውስጥ ጂሊዮ ደሴት አጠገብ ከዓለት ጋር ተጋጭታ 32 ሰው ሞቷል። ሞትም ቢሆን ለሲምስ እንግዳ አይደለም፤ ማጭድ የያዘው ጥቁር ለባሽ ከጥንት ጀምሮ የጨዋታው ቤተኛ ነው። ትልልቆቹ የመዝናኛ መርከቦች አስከሬን ማቆያ ክፍል እንዳላቸው ደግሞ ስንቶቻችን እናውቃለን? ጡረታ የወጣ አዛውንት በባሕር ላይ የመጨረሻ ሌሊቱን ሊያሳልፍ ይችላል፤ በማግስቱም ቡፌው በሰዓቱ ይከፈታል። ይህን ሁሉ ታሪክ አንድ መርከብ ይዞላችሁ እያለ ሌላ የባሕር ዳርቻ ልትሸጡልን ነው?

አይቻልም የሚል ካለ እሺ ብዬ አልቀበለውም። ሲምስ 3 በ2013 በውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ቤት ሰጥቶን ነበር፤ ቤታችንን ከአንዱ ወደብ ወደ ሌላው ይዘን እንቀዝፍ ነበር። እንዴት ሲምስ 4 ያንሳል? በ2014 ሲወጣ ከተማውን እንደ ቀዳሚው ክፍት አላደረገልንም፤ ከአንድ ግቢ ወደ ሌላው ለመሄድ መጠበቅ ግድ ሆነብን። በየብስ ላይ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው፤ እስከ ዛሬም አልረሳሁላቸውም። መርከብ ላይ ግን ጉድለትነቱ ይቀራል። መርከብ ማለት የታጠረ ግቢ ነው፤ ከአጥሩ ውጭ ያለው ውሃ ብቻ ነው። ተጫዋቾች እኮ ግድግዳና መስኮት እየቀጠሉ የራሳቸውን መርከብ ሠርተው ለሌላው ሲያጋሩ ኖረዋል፤ ደርብ በደርብ፣ ገንዳ ያለው፣ ቡና ቤት ያለው። የማይንቀሳቀስ መርከብ ነው። ሕዝቡ ቀፎውን ሠርቶላችኋል፤ ነፍስ ዝሩበት እንጂ።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልግባ። የአክስቴ ልጅ ከፍሎሪዳ በሚነሳ የመዝናኛ መርከብ ላይ ክፍል አጽጂ ሆና ሠርታለች። የመርከቡን ባለቤት ስም አልጠራም። የምትተኛው ከባሕሩ ወለል በታች፣ ከሌላ ሠራተኛ ጋር በምትጋራው ተደራራቢ አልጋ ላይ ነበር። ኮንትራቱ እስኪያልቅ ሙሉ የዕረፍት ቀን የሚባል አታውቅም። የሠራተኞቹ ዋና መተላለፊያ የመርከቡን ርዝመት ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሰነጥቀዋል፤ በአሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ በሚያልፈው አውራ ጎዳና ስም «አይ-95» ይሉታል። ሰሃኑ፣ አንሶላው፣ ቆሻሻው፣ አትክልቱ፣ ሰውም በዚያ ይተማል። ተሳፋሪ አያየውም። ተሳፋሪ የሚያየው አልጋው ላይ የተቀመጠችውን፣ ከፎጣ ተጣጥፋ የተሠራችውን ዝሆን ነው። መርከቡ ወደ መነሻው በሚመለስበት ቀን ጠዋት ሺዎች ይወርዳሉ፣ ከሰዓት በኋላ ሌሎች ሺዎች ይሳፈራሉ። በእነዚያ ጥቂት ሰዓታት ውስጥ ክፍሉ ሁሉ ሰው ያልተኛበት መምሰል አለበት። «እህቴ፣ የልጆቻቸውን ስም ሁሉ በቃሌ አውቅ ነበር» አለችኝ አንድ ቀን፤ «የኔን ስም ደረቴ ላይ ተጽፎ እንኳ አላነበቡትም።»

ይህ የእሷ ዕጣ ብቻ አይደለም፤ የሥራው አሠራር እንዲህ ነው። በ2024 መጀመሪያ ላይ ሥራ የጀመረችው አይኮን ኦፍ ዘ ሲስ 365 ሜትር ገደማ ትረዝማለች፤ እስከ 7,600 ተሳፋሪ ትይዛለች፤ ወደ 2,350 ሠራተኛ አላት። ውስጧ ለአንድ ቤተሰብ የሚከራይ ባለ ሦስት ፎቅ ቤት አለ፤ ልጆች ከላይኛው ፎቅ የሚንሸራተቱበት የራሱ ሸርታቴ ጭምር። የመርከቧ ባለቤት ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤቱ ማያሚ ነው፤ የምታውለበልበው ግን የባሃማስን ባንዲራ ነው። ብዙዎቹ የመዝናኛ መርከቦች እንዲሁ በባሃማስ፣ በፓናማ ወይም በመሰል አገሮች የተመዘገቡ ናቸው፤ የአሜሪካ የደመወዝ ሕግ እዚያ ላይ ላሉት የውጭ አገር ሠራተኞች አይደርስም። ከፊሊፒንስ፣ ከኢንዶኔዥያ፣ ከሕንድ የመጡ ወጣቶች ለወራት ይፈርማሉ። በ2013 ሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፉ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት እንኳ፣ ጥበቃ ተብሎ የተጻፈው ማለቴ ነው፣ በቀን እስከ 14፣ በሳምንት እስከ 72 ሰዓት ማሠራትን ይፈቅዳል።

እና እኛ ይህን መርከብ ወደ ሲምስ ስናመጣው የላይኛውን ግማሽ ብቻ እናምጣ? ሲምስ ይህን ጥፋት ቀድሞም ሠርቶታል። ከመጀመሪያው ጨዋታ ጀምሮ ስልክ ደውለን የምንጠራት ሠራተኛ አለች። ትመጣለች፣ ሰሃን ታጥባለች፣ ሽንት ቤት ትፈትጋለች፣ ክፍያዋ ከጨዋታው ገንዘብ፣ ከሲሞሊዮናችን ላይ ይቀነሳል፣ ትሄዳለች። ወዴት እንደምትሄድ ጨዋታው አያሳየንም። ልጅ ይኑራት፣ ይራባት፣ ማን እቤቷ ይጠብቃት፣ አናውቅም። አማርኛ አንባቢ ይህን ሲሰማ ትከሻውን ነቅንቆ ማለፍ የለበትም። ቤሩት፣ ሪያድ፣ ዱባይ የሰው ቤት ገብተው ከሠሩት እህቶቻችን አፍ የሰማነው ነገር ነው፤ ከመጥረጊያው እኩል መቆጠር ምን እንደሚመስል ሊያስረዱን አያቅታቸውም። ስለ ሰው ኑሮ የተሠራ ጨዋታ የሚያገለግለውን ሰው ኑሮ ሲቆርጥ፣ ማን ሰው እንደሆነና ማን ዕቃ እንደሆነ እያስተማረ ነው።

«ጨዋታ እኮ ነው፤ ሰው የሚጫወተው ሊዝናና ነው፤ የሥራ መከራ ለምን ታመጪብናለሽ?» የሚሉኝ አሉ። ይህ ለሲምስ የሚሠራ መልስ አይደለም። በዚህ ጨዋታ ውስጥ እኮ የተደፈነ መጸዳጃ እየጠገንን ነው የተዝናናነው! በ2015 ሐኪሙን፣ መርማሪውንና ሳይንቲስቱን ሥራ ቦታቸው ድረስ ተከትለን የምንጫወትበትን ማስፋፊያ ገዝተን በሽተኛ ስንመረምር ውለናል። ታዲያ ሐኪም ሲሆን የሥራ ቀኑ ደስ የሚል ጨዋታ፣ ክፍል አጽጂ ስትሆን መከራ የሆነው በምን ምክንያት ነው? ነጭ ጋዋኑ ነው እንዴ የሚለየው? እኔ እንዲያውም የምለው ከመርከቡ ላይ በጣም የሚያጓጓው ጨዋታ ታች ያለው ነው። ዕቃዋን በአንዲት ሻንጣ ይዛ የምትሳፈር ወጣት ስጡን። ከማታውቀው ሰው ጋር ካቢን ትጋራ። ፎጣ ማጣጠፍ ትማር፣ ቲፕ ትሰብስብ፣ ገንዘብ ወደ ቤቷ ትላክ፣ ሌሊት የሠራተኞቹ ቡና ቤት ውስጥ ትደንስ፣ የምግብ ቤት አለቃ ለመሆን ትጣር፣ ኮንትራቷ ሲያልቅ ጓደኞቿን ተሰናብታ ትውረድ። ይህች ልጅ ስቃይ ብቻ አይደለችም፤ ትስቃለች፣ ታፈቅራለች፣ ትቆጥባለች። ከላይ ያሉትን እንግዶች ከእሷ ጋር በአንድ ጨዋታ ውስጥ የምንመራበት ዕድል ቢኖር፣ አንዱ ቤተሰብ የጣለውን ሰሃን ሌላው ሰው ሲያነሳው ብናይ፣ ሲምስ ያኔ ሲምስ ይሆናል።

ጨዋታውን የሚሠራው ኩባንያ አይሰማም ብሎ ተስፋ የሚቆርጥ ሰውም አልወድም። ሲምስ 4 ሲወጣ መዋኛ ገንዳ አልነበረውም፤ ድክ ድክ የሚሉ ሕፃናትም አልነበሩትም። ተጫዋቹ አምርሮ ጮኸ። ገንዳው በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ያለ ክፍያ ተመለሰ፤ ሕፃናቱም በጥር 2017 እንዲሁ በነፃ መጡ። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ግን የታኅሣሥ 2020ው ነው። ከዚያ በፊት የእናቴን መልክ ልፈጥር ስሞክር የሚወጣልኝ አመድ የተነዛበት የሚመስል ፊት ነበር፤ የጠይም ቆዳ ምርጫው ጥቂት፣ ያለውም ሕይወት የሌለው። ጥቁር ተጫዋቾች ለዓመታት ተቃወሙ፣ ጻፉ፣ አሳዩ። በመጨረሻ ከመቶ በላይ አዳዲስ የቆዳ ቀለሞች ተጨመሩ፤ እናቴም በወዟ ስክሪኑ ላይ ቆመች። ያን ቀን አለቀስኩ። ይህን ያደረገው የኩባንያው ደግነት አይደለም፤ አንለቅም ያሉት ሰዎች ናቸው።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ይህን ጨዋታ የምትወዱ ሁሉ፣ ቀጥሎ ምን ይጨመር ተብላችሁ ስትጠየቁ «መርከብ» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። የሠራተኞቹን ፎቅ ጠይቁ። ተደራራቢ አልጋውን፣ ኩሽናውን፣ አይ-95ን ጠይቁ። ትልልቆቹ ማስፋፊያዎች ዋጋቸው 40 ዶላር ገደማ ነው፤ ይህን ያህል ከፍሎ የግማሽ መርከብ ባለቤት መሆን አያስፈልግም። የላይኛውን ብቻ ይዘው ከመጡ አንግዛቸው፤ ያልገዛንበትንም ምክንያት በግልጽ እንጻፍላቸው።