ይድረስ ለስሎሞሽን 4

ይድረስ ለተከበርሽው የውድድር ጀልባ፣ ስሎሞሽን 4፤
የታሪክና ኢንዱስትሪ ሙዚየም፣ ሲያትል።

እኔ እዚሁ ሲያትል በሬኒየር ሸለቆ፣ ከተወዳደርሽበት ሐይቅ ብዙም በማይርቅ ሰፈር የምኖር ኢትዮጵያዊ ነኝ። እስከ ዛሬ ያላመሰገንኩሽ ብዙ ነገር ስላለ ይህን ደብዳቤ ጻፍኩልሽ። ቀኖቹን ሁሉ በአንቺው ዘመን አቆጣጠር፣ ማለትም በአውሮፓውያኑ፣ አስቀምጫቸዋለሁ።

ምስጋናዬን ከሠሩሽ እጆች ልጀምር። ባለቤትሽ ስታንሊ ሴይርስ መኪና ነጋዴ ነበር። ንድፍሽን ያወጣው ቴድ ጆንስ የቦይንግ ሠራተኛ ነበር። የገነባሽ ደግሞ አንከር ጄንሰን ነው፤ እዚሁ ሲያትል፣ ፖርቴጅ ቤይ ዳር ባለው የቤተሰቡ የጀልባ መሥሪያ። ገላሽ እንጨት ነው። ልብሽ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፈ ባለ 12 ሲሊንደር አሊሰን፣ ለተዋጊ አውሮፕላን የተሠራ ሞተር ነው። በ1949 ውሃ ላይ ስትወርጂ ከኋላሽ ንጉሥም መንግሥትም አልነበረም። አንድ ከተማ ውስጥ የሚኖሩ፣ ሥራቸውን የሚያውቁና እርስ በርስ የሚደማመጡ ሰዎች ነበሩ።

ጣና ላይ የደንገል ታንኳ ሲቀዘፍ እያየሁ ያደግሁ ሰው ነኝና፣ ጀልባ ማለት ለእኔ ውሃ ላይ ተደላድሎ የሚቀመጥ ነገር ነበር። ያንቺን አካሄድ ስረዳ ግን ተደነቅሁ። ውሃ ከአየር 800 እጥፍ ገደማ ይከብዳል፤ ስለዚህ ውሃውን እየገፋ የሚሄድ ጀልባ ሞተሩ ምንም ያህል ቢበረታ ውሃው ይይዘዋል። አንቺ ከፊት በግራና በቀኝ ሁለት ተንሳፋፊ እግሮች አሉሽ። በፍጥነት ስትሄጂ በሆድሽ ሥር የሚገባው አየር ያነሳሻል፤ ያኔ ውሃውን የምትነኪው በእግሮችሽ ጫፍና በፕሮፔለርሽ ብቻ ነው፤ ፕሮፔለሩም ቢሆን ግማሹ ከውሃው በላይ ነው። ከኋላሽ እንደ አውራ ዶሮ ጅራት ወደ ሰማይ የሚነሳው ነጭ ውሃ የሚመጣው ከዚሁ ነው። ሦስት ቦታ ላይ የሚያርፍ ጀልባ ካንቺ በፊትም ተሠርቷል። ፕሮፔለርን እንዲህ ግማሽ አውጥቶ በእሱ ላይ መጋለብ በደንብ የሰመረው ግን ባንቺ ነው፤ ከዚያ በኋላ የመጡት ፈጣን ጀልባዎችም ያንቺን ፈለግ ተከተሉ።

ሰኔ 26 ቀን 1950 ዋሽንግተን ሐይቅ ላይ፣ ሳንድ ፖይንት አጠገብ፣ ሴይርስ መሪውን ይዞ ጆንስ ከጎኑ ተቀመጠ። የውሃ ላይ ፍጥነት ክብረ ወሰን ደንቡ አንዱን ማይል በሁለቱም አቅጣጫ መሮጥና አማካዩን መውሰድ ነበር። አማካይሽ በሰዓት 258 ኪሎ ሜትር ሆነ። ሰር ማልኮልም ካምቤል በ1939 እንግሊዝ አገር ኮኒስተን ሐይቅ ላይ በብሉበርድ ያስመዘገበው 228 ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ገደማ የቆየውን ክብረ ወሰን በ30 ኪሎ ሜትር አሻሻልሽው። በ1952 ደግሞ የራስሽን ክብረ ወሰን ሰብረሽ 287 አደረስሽው።

ክብረ ወሰኑን በያዝሽ በወሩ ዲትሮይት ሄደሽ ጎልድ ካፕ የተባለውን የጀልባ ውድድር ዋንጫ አሸነፍሽ። ከ1904 ጀምሮ የነበረው ይህ ዋንጫ አሸናፊው የሚቀጥለውን ውድድር በከተማው እንዲያዘጋጅ ይፈቅድ ስለነበር፣ በ1951 ውድድሩ ሲያትል ገባ። ያን ጊዜ ሲያትል በአገሪቱ ትልልቅ የስፖርት ሊጎች ውስጥ አንድም ቡድን አልነበራትም። ሰዉ ከሐይቁ ዳር ተሰብስቦ አንቺን የኔ አለ። ልጆች ከኮምፔንሳቶ ቁራጭ ትንሽ ጀልባ እየሠሩ፣ ቀለም እየቀቡ፣ በብስክሌታቸው ኋላ በገመድ እየጎተቱ በየመንገዱ ተወዳደሩ። እኔ በበኩሌ ካንቺ ውለታ ሁሉ የሚበልጥብኝ ይኸኛው ነው። ቤት ያፈራው ሥራ ለልጅ መዶሻ ያስይዛል፤ እኔም መሥራት እችላለሁ ያሰኘዋል።

ይህ ሁሉ ያለ ዋጋ እንዳልመጣ አውቃለሁ። በዚያው በ1951 ውድድር ኩዊክሲልቨር የተባለችው ጀልባ ከነሁለት ሰዎቿ ሰጠመች። በ1955 እህትሽ ስሎሞሽን 5 አየር ላይ ተገልብጣ ሾፌሯ ሉ ፋጆል ክፉኛ ተጎዳ። በ1956 አንቺም ዲትሮይት ላይ ተሰባበርሽ፤ ሾፌርሽ ጆ ታጋርት ቆሰለ፤ ሴይርስም በዚያው ዓመት አረፈ። ስለ ፍጥነት ስናወራ እነዚህን ሰዎች አብረን ማንሳት ይገባናል።

ስለዚህ የሚቀጥለው ምስጋናዬ ስብርባሪሽን ለሰበሰቡት ነው። ጠግነው ለሙዚየም ሰጡሽ፤ ዛሬ ዩኒየን ሐይቅ ዳር ባለው አዳራሽ ከፍ ብለሽ ትታያለሽ። ኬንት ከተማ ባለው እንዳንቺ ያሉ ጀልባዎች (የሃይድሮፕሌን) ሙዚየም ደግሞ በጎ ፈቃደኞች የአንቺን ዘመን ጀልባዎች እየጠገኑ መልሰው ውሃ ላይ ያወርዷቸዋል። የዛሬዎቹ ተወዳዳሪዎች በሄሊኮፕተር ተርባይን ይሄዳሉ፤ ፈጣኖች ናቸው። የድሮው ባለ 12 ሲሊንደር ሲነሳ ግን ድምፁ ደረት ውስጥ ይገባል። አሮጌ ሞተር የሚፈታ፣ የበሰበሰ እንጨት ነቅሎ በልኩ አዲስ የሚተካ ሰው የሠሪዎቹን አሳብ ጭምር ነው የሚጠግነው። ንድፍ በወረቀት ይቀመጣል፤ የእጅ ሙያ ግን የሚቆየው ሥራው ሲሠራ ብቻ ነው።

ወደ ራሴ ልመለስ። በየዓመቱ ነሐሴ መግቢያ ላይ በሴይርስ ስም የተሰየመው መናፈሻ ዳር የከተማዋ የጀልባ ውድድር ሲጀመር፣ ድምፁ የእኛ ሰዎች ምግብ ቤትና ሱቅ እስከሞሉት ሬኒየር ጎዳና ድረስ ይሰማል። ሰው በገባበት አገር ውስጥ የራሴ የሚለው ነገር ሲያገኝ እግሩ ይረጋል። አንቺን የወደደ ከየት መጣህ ተብሎ አይጠየቅም። ሐይቁ ዳር አጠገቤ የቆሙ ሽማግሌዎች ስለ ፕሮፔለርሽ እያስረዱኝ ጎረቤቶቼ ሆነዋል፤ አሁን እኔም ለልጆቻችን በአማርኛ አስረዳለሁ።

ስለ አሠራርሽ፣ ስለ ድፍረትሽ፣ ከተማሽን ከእኔ ጋር ስላጋራሽኝ አመሰግንሻለሁ። የሠሩሽን ነፍሳቸውን ይማር፤ የሚጠግኑትን እጃቸውን ይባርክ፤ ከኮምፔንሳቶ ቁራጭ ጀልባ የሚሠሩ ልጆችንም አያሳጣን።

አክባሪሽ፣
ከሬኒየር ሸለቆ