ጡንቻው የበረታ፣ ለዛው የጠፋ ልዑል

በዚህ መጽሔት ስለ ፊልም፣ ስለ ቴአትርና ስለ ልቦለድ ብዙ ተብሏል። ስለ ጌም ስጽፍ «የልጆች ነገር» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ግን ታሪክ ያለው፣ ደራሲና ተዋናይ ያለው ሥራ እስከሆነ ድረስ ሊተች ይገባዋል ባይ ነኝ። የማነሳው የዩቢሶፍት የሞንትሪያል ስቱዲዮ እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣውን «ፕሪንስ ኦፍ ፐርዢያ፦ ዋሪየር ዊዝን» ነው። ለምን የድሮ አነሳህ ብትሉኝ፣ ተከታይ ክፍል እንዴት እንደሚሻሻልም እንዴት እንደሚበላሽም ባንድ ዲስክ ላይ ያሳየ ሥራ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

ከእሱ አንድ ዓመት ቀድሞ የወጣው «ዘ ሳንድስ ኦፍ ታይም» እንደ ተረት የተሠራ ነበር። ልዑሉ ራሱ ነው ታሪኩን የሚተርከው። ተጫዋቹ ገደል ገብቶ ሲሞት እንኳ ልዑሉ ተረቱ እንደተምታታበት ሰው «እንዲያ አልነበረም» ብሎ ያርማል። ትዕቢተኛ ነው፣ ግን ያስቃል፤ ከፋራ ጋር የሚጨቃጨቀው ጭቅጭቅ ብቻውን ጌሙን ያስጨርሳል። ድክመቱ ውጊያው ነበር። ከጠላት ራስ ላይ ዘልሎ ከኋላ መምታት፣ ከዚያ ደግሞ ሌላው ራስ ላይ መዝለል፤ አሥረኛው ላይ ይሰለቻል።

ተከታዩ ይህን ቅሬታ በደንብ ሰምቷል። ልዑሉ አሁን በግራ እጁ ሁለተኛ መሣሪያ ይይዛል፤ ከወደቀ ጠላት ላይ ያነሳል፣ ይወረውራል፣ ሲሰበርበት ሌላ ይፈልጋል። ምሰሶ ይዞ እየተሽከረከረ ይመታል፣ ግድግዳ ረግጦ ይመለሳል፣ የጠላቱን ሰይፍ ነጥቆ በራሱ ሰይፍ ይጨርሰዋል። ይሄ እውነተኛ መሻሻል ነው፤ የሚጠላው ሁሉ ይህን ሊክድ አይገባም።

ታሪኩም ቢሆን ባጭሩ የሚታለፍ አይደለም። ከመጀመሪያው ሰባት ዓመት አልፏል። የጊዜን አሸዋ የለቀቀ ሰው መሞት ነበረበት፤ ልዑሉ ግን አልሞተም። ስለዚህ ዳሃካ የሚባል የጊዜ ጠባቂ ያሳድደዋል። ልዑሉ መፍትሔ ያለው ወደ ጊዜ ደሴት ሄዶ፣ ወደ ኋላ ተመልሶ፣ አሸዋውን የምትፈጥረውን እቴጌ ማስቆም ነው። ታዲያ ምን ይሆናል መሰላችሁ? እቴጌይቱን ሲገድላት አሸዋው ከእሷ አካል ይወጣል። ሊከላከለው የመጣውን ነገር የፈጠረው ራሱ ነው ማለት ነው! ከዚህ በኋላ ደግሞ አንድ ጭንብል ያገኛል። ሲያጠልቀው በጌሙ መጀመሪያ ላይ ከሩቅ ሲከተለን ያየነው ጥቁር ፍጡር ይሆናል። ጠላት የመሰለን ለካስ እኛው ነበርን። ያን ጊዜ ዳሃካ ያንን ፍጡር ነጥቆ ሲወስድ አይተናል፤ አሁን እኛ ፍጡሩ ሆነን በዚያው በር ላይ ቆመን፣ በእሱ ፈንታ የቀድሞው ማንነታችን እንዲወሰድ እናደርጋለን። ይህ በወረቀት ላይ ያለ ደራሲ ቢያስበውም የሚያስመሰግን ነው። በጌም ሲሆን ደግሞ ያስፈጽመው የነበረው የራሳችሁ እጅ ስለሆነ ስሜቱ ይለያል።

ዳሃካን ሳልጠቅስ አላልፍም። ስሙ ከጥንቱ የፋርስ አፈ ታሪክ የተወሰደ ነው። ሲመጣ የስክሪኑ ቀለም ይደበዝዛል፣ መሬቱ ይንቀጠቀጣል፣ ውጊያ የሚባል ነገር የለም፤ መሮጥ ብቻ ነው። ውኃ አይሻገርም። ስለዚህ ከፏፏቴ ጀርባ ገብቶ ዞር ብሎ ማየት አንድ እፎይታ ነው። መጋረጃው ማዶ ቆሞ ያፈጣል።

እንግዲህ የተበላሸው ምኑ ነው? ሰውየው ነዋ! ያ ተጫዋች ልዑል ጥርሱን እያንቀጫቀጨ የሚጮህ፣ የሚሳደብ፣ ሌላ ሰው ሆነ። በድምፅም ጭምር፤ ዩሪ ሎወንታል ቀርቶ ሮቢን አትኪን ዳውንስ ተተካ። ሰባት ዓመት መሳደድ ሰውን ያከፋል ቢባል እስማማለሁ፤ ግን የከፋበትን መንገድ አላሳዩንም፣ ከፍቶ ነው የጠበቀን። ከዚህ ላይ የጎድስማክ ከባድ ሮክ ተጨመረ፤ በፋርስ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ውስጥ የአሜሪካ ጊታር ሲያጉረመርም ምን እንደሚሰማ አስቡት። ሴቶቹ ተዋጊዎችማ ለጦርነት ሳይሆን ለፖስተር የለበሱ ናቸው። ለካይሊና ድምፅ የሰጠችው ሞኒካ ቤሉቺ ነበረች፤ ከሷ ተዋናይነት ያተረፉት ግን ጥቂት ነው። በአሜሪካ የዕድሜ ደረጃ የመጀመሪያው ለ13 ዓመትና ከዚያ በላይ ሲሆን ይሄኛው 17 ገባ። የ1989ኙን የመጀመሪያ ጌም የፈጠረውና በ2003ቱም ላይ የሠራው ጆርዳን መክነር በዚህኛው አልተሳተፈም፤ በ2005 ለዋየርድ መጽሔት ሲናገርም የጥበብ አቅጣጫውንም ሆነ ጭካኔውን እንዳልወደደው አልደበቀም። የፈጠረው ሰው እንዲህ ካለ እኔ ብዙ ማከል የለብኝም።

ሁለት ነገር ግን ልጨምር። አንደኛ፣ ያው ቤተ መንግሥት አንዴ በድሮው አንዴ በአሁኑ ዘመን ደጋግሞ ስለሚታይ መንገድ ይጠፋል፤ ካርታውም ብዙ አይረዳም። ቤቱ ቁጭ ብሎ ለሚጫወት ችግር የለውም። ፕሌስቴሽን ቤት በሰዓት ከፍሎ ለሚጫወት ተማሪ ግን አንድ ኮሪደር ሦስት ጊዜ መመላለስ ከኪሱ የሚወጣ ነው።

ሁለተኛው ይብሳል። ጌሙ ሁለት መጨረሻ አለው። በየስርቻው የተደበቁትን ዘጠኝ የሕይወት ማሳደጊያዎች በሙሉ ያገኘ ብቻ የውኃውን ሰይፍ ያገኛል፣ ከዳሃካ ጋር ይዋጋል፣ ካይሊናንም ያተርፋል። ያላገኘ ካይሊናን ገድሎ ይጨርሳል። በ2005 የወጣው ሦስተኛው ክፍል «ዘ ቱ ትሮንስ» ግን የሚቀጥለው ከመጀመሪያው መጨረሻ ነው። ስለዚህ ዘጠኙን ያልሰበሰበ ተጫዋች የደከመበት ፍጻሜ እንዳልተፈጸመ ይቆጠርበታል። ይህ ለተጫዋቹ ንቀት ይመስለኛል።

ያም ሆኖ ሦስተኛው ክፍል ለኔ ክርክር ጥሩ ምስክር ነው። ሎወንታል ተመለሰ፣ ተረት መናገሩም ተመለሰ። ያ ቁጡ ሰውዬ ሙሉ በሙሉ አልተጣለም፤ በልዑሉ ውስጥ የሚናገር፣ አልፎ አልፎም ገላውን የሚወስድ ጨለማ ማንነት ተደረገ። የውጊያው ስልት ግን እንዳለ ቀጠለ።